የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና አጭር ታሪክ፤ ከበርሊን እስከ አቃቂ ቃሊቲ

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በአንዲት ትንሽ የሰውነት ክፍል ዙሪያ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ያደረጉትን ትግል መከታተል፣ ትግሉም ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ ምን መልክ እንደያዘ መመርመር ነው። ክፍሏ ሐሞት ከረጢት ናት። ከጉበት ሥር ተለጥፋ የምትገኝ ሆና ጉበት የሚያመነጨውን ሐሞት ታጠራቅማለች፤ ስብ ያለበት ምግብ በመጣም ጊዜ ወደ አንጀት ትለቃለች። ሰው ያለ እርሷ ሊኖር ይችላል፤ በታመመች ጊዜ ግን ሰውን ልትገድል ትችላለች። ከዚህም የተነሣ የቀዶ ጥገና ታሪክ ከእርሷ ጋር በብዙ መንገድ የተሳሰረ ነው።

ዛሬ ይህችን ከረጢት ለማውጣት ሆድን በሰፊው መቅደድ የግድ አይደለም። ከእምብርት አጠገብ በምትከፈት የአንድ ጣት ስፋት በሌላት ቀዳዳ መነጽር አስገብቶ፣ በሌሎች ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች መሣሪያ አሳልፎ ማውጣት ይቻላል። ሐኪሞቹ ይህን ላፓራስኮፒ ይሉታል። ብዙ ሰው አዲሱን መሣሪያ ባየ ጊዜ ጥበቡ ያለቀ የደቀቀ ይመስለዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መሣሪያው ከሐኪሙ ፍርድ በቀደመ ጊዜ ምን ይሆናል? ለዚህም ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ዛንቶግራኑሎማተስ ኮሌሲስታይቲስ የሚባለው፣ አልፎ አልፎ የሚገኝ የሐሞት ከረጢት ብግነት ሆኖ አግኝተነዋል።

ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር በሆነ ጊዜ ብቻ ዓ.ም. የሚል እንጨምራለን።

1. ሐሞት በቋንቋችንና በልማዳችን

ሐሞት በአማርኛ የመራራ ፈሳሽ ስም ብቻ አይደለም። ደፋሩን ሰው ሐሞተ ኮስታራ እንለዋለን፤ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ፣ ተስፋ የቆረጠውንም ሐሞቱ የፈሰሰ እንላለን። በስቅለት ታሪክም ሐሞት የመከራው ምሬት ምልክት ሆኖ ይነገራል። የጥንት ግሪኮችም ከዚህ ያልራቀ አሳብ ነበራቸው። የሰው ጠባይና ጤና በአራት ፈሳሾች ሚዛን ይጠበቃል ብለው ሲያስተምሩ፣ ከአራቱ ሁለቱ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ነበሩ። ይህም ትምህርት በጋሌን በኩል አልፎ የአውሮፓንና የዐረብን ሕክምና ከሺህ ዓመት በላይ ገዝቷል።

የሕመሙን ስም በተመለከተ ግን ሕዝባችን የሚያውቀው በሌላ ነው። የሐሞት መውረጃ ቧንቧ በጠጠር ተዘግቶ ዐይንና ቆዳ ቢጫ በሆነ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ የሚለው የወፍ በሽታ ነው። ጉበትን ያጠቃ ተላላፊ በሽታም ያንኑ ቢጫነት ስለሚያመጣ፣ ሁለቱ በአንድ ስም ተጠቃለው ኖረዋል። ለዚህም በየአገሩ ልዩ ልዩ ቅጠል ሲጠጣና ክንድ በእሳት ሲተኮስ ቆይቷል። ቢጫነት ሳይመጣ ከቀኝ ጎድን በታች የሚነሣውን ቁርጠት ደግሞ ሕዝቡ ጨጓራ ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ተልባ እየጠጣ፣ ሽሮና በርበሬ እየተወ፣ ዓመታት ያሳልፋል።

ይህን የምናነሣው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም። ስሙ የሕመምተኛውን መንገድ እንደሚወስን ለማሳየት ነው። ሕመሙ ጨጓራ ተብሎ የተጠራበት ሰው ወደ ቀዶ ሐኪም አይሄድም፤ የሚሄደው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ያ የብዙ ዘመን መዘግየት ለምንመረምረው በሽታ ዋና መንገድ ነው።

2. የመጀመሪያው ቢላዋ

እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ሆድን ከፍቶ ማከም ከሞት ጋር መደራደር ነበር። ማደንዘዣ በ1840ዎቹ ከታወቀ፣ ሊስተርም በ1860ዎቹ ቁስልን ከመመረዝ የመጠበቅን ዘዴ ካስተማረ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በ1867 ጆን ስታው ቦብስ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የአንዲትን ሴት ሐሞት ከረጢት ከፍቶ ጠጠሩን አወጣ፤ ከረጢቷን ግን በቦታዋ ተዋት። ችግሩ ይህ ነበር። ጠጠሩ ቢወጣም ከረጢቷ ሌላ ጠጠር ትሠራለች።

ይህን ነገር አስተውሎ ወደ ፍጻሜ ያደረሰው ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡክ ነው። የላንገንቡክ አሳብ አጭር ነበር፤ ከረጢቷ መውጣት ያለባት ጠጠር ስላለባት ሳይሆን ጠጠር ስለምትሠራ ነው የሚል። ሰው ያለ እርሷ መኖር እንደሚችልም፣ ከረጢት የሌላቸውን እንስሳት በመጥቀስ አስረዳ። ከእነዚህ አንዱ ፈረስ ነው። በቋንቋችን ጀግንነትን ከሐሞት ጋር ለምናያይዝ ለእኛ፣ የጦር ፈረስ ሐሞት ከረጢት የሌለው መሆኑ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ላንገንቡክ በመጀመሪያ በሬሳ ላይ ለረጅም ጊዜ ተለማመደ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 15 ቀን 1882 በበርሊን በላዛሩስ ሆስፒታል የአንድ የ43 ዓመት ሰው ሐሞት ከረጢት አወጣ። ሰውዬው 16 ዓመት በሕመሙ ሲሠቃይ የኖረ ነበር። በማግሥቱ ትኩሳት አልነበረበትም፤ ሲጋራም ሲያጨስ ታየ። ከሳምንታት በኋላም ድኖ ወጣ። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የሐኪሙን ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ከድፍረቱ በፊት የነበረውን ዝግጅት ጭምር ነው።

ዘዴው እየተስፋፋ በሄደ ጊዜ ትልቁ አደጋ በግልጽ ታወቀ። ከረጢቷ ከዋናው የሐሞት ቧንቧ ጋር የምትገናኘው በአንዲት ቀጭን ቧንቧ ነው። ሐኪሙ ቀጭኗን ቧንቧ የቈረጠ መስሎት ዋናውን ከቈረጠ፣ ሕመምተኛው ዕድሜውን ሙሉ ይጎዳል። ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ካሎ በ1890ዎቹ መባቻ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ስፍራ በሦስት ማዕዘን ገለጸው። እስከ ዛሬም ድረስ የካሎ ሦስት ማዕዘን ይባላል። የዚህ ሁሉ ታሪክ ማዕከል ይህ ጠባብ ስፍራ ነው፤ አንባቢም በልቡ ቢይዘው መልካም ነው።

3. በቀዳዳ የማየት ጥበብ

ሆድን ሳይከፍቱ ውስጡን የማየት አሳብ ከቀዶ ጥገናው በሌላ መንገድ የመጣ ነው። በ1901 ጀርመናዊው ጌኦርግ ኬሊንግ የውሻን ሆድ በአየር ነፍቶ በመነጽር ውስጡን አሳየ። የኬሊንግ ዓላማ በመጀመሪያ ማየት አልነበረም፤ በሆድ ውስጥ የሚፈሰውን ደም በአየር ግፊት ለማቆም ነበር። በ1910 የስዊድኑ ሃንስ ክሪስቲያን ያኮብዩስ በስቶክሆልም በሰው ላይ እንዳደረገው ገለጸ። በ1938 ደግሞ የሀንጋሪው ያኖሽ ቬሬሽ ጫፏ በስፕሪንግ የሚመለስ መርፌ ሠራ። መርፌዋን የሠራት ለሳምባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ሲሆን፣ ሆድን በጋዝ ለመንፋት ግን እስከ ዛሬ ታገለግላለች።

ከዚያም እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ የመስተዋት ዘንግ አሠራር አወጣ። ቀድሞ ደብዛዛ የነበረው ምስል ብሩህ ሆነ። አየርም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተተካ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ይህ ጋዝ በኤሌክትሪክ መተኮሻ ፊት አይቀጣጠልም፤ ሁለተኛ፣ በደም ውስጥ ቶሎ ሟሙቶ በትንፋሽ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በመነጽሩ የሚጠቀሙት በአብዛኛው የማሕፀን ሐኪሞች ነበሩ። ቀዶ ሐኪሞቹ ግን ትልቅ ሐኪም ትልቅ ቀዳዳ ይከፍታል በሚል አሳብ ይናቁት ነበር። በ1980 በጀርመን በኪል ከተማ የማሕፀን ሐኪሙ ኩርት ዜም ትርፍ አንጀትን በመነጽር አወጣ። የሙያ ጓደኞቹም እንደ ነውር ቈጠሩበት።

4. የኤሪኽ ሙሄ ነገር

በዜም ሥራ ከተነቃቁት አንዱ በበብሊንገን የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ኤሪኽ ሙሄ ነው። ራሱ ባሠራው መሣሪያ መስከረም 12 ቀን 1985 የመጀመሪያውን ሐሞት ከረጢት በቀዳዳ አወጣ። በ1986 ሥራውን በጀርመን የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ባቀረበ ጊዜ የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። እስከ 1987 መጀመሪያ ድረስ 94 ሕመምተኞችን በዚህ መንገድ አከመ። በኋላም ከአንድ ሕመምተኛ ሞት ጋር በተያያዘ በፍርድ ቤት ተጠየቀ፤ ነገሩ ለእርሱ በሚበጅ መንገድ የተዘጋው በ1990 ነው። በ1992 ያው የአገሩ ማኅበር ሸለመው።

በዚያው ጊዜ በ1987 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ፊሊፕ ሙሬ የሙሄን ሥራ ሳያውቅ ይህንኑ አደረገ። ወሬውም በአፍ እየተላለፈ ለፓሪሱ ፍራንሷ ዱቧ ደረሰ። በ1988 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የሆነው በቀዶ ጥገና ታሪክ እምብዛም ያልታየ ነው። ሕመምተኞች ራሳቸው አዲሱን መንገድ ጠየቁ፤ ሐኪሞችም ሕመምተኛ እንዳያጡ በጥቂት ቀን ሥልጠና ወደ ሥራው ገቡ። በመስከረም 1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው ጉባኤ መንገዱን ለአብዛኛው የሐሞት ጠጠር ሕመምተኛ የተገባ ነው ብሎ ተቀበለ።

ዋጋው ግን ተከፍሏል። ሆድ ተከፍቶ በሚደረገው ቀዶ ጥገና ዋናው ቧንቧ የሚጎዳው ከሺህ ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ነበር። በአዲሱ መንገድ መጀመሪያ ዓመታት ይህ ቍጥር ከሺህ ወደ አምስት ያህል ከፍ አለ። የኒው ዮርክ የጤና ባለ ሥልጣንም በ1992 ሐኪሞች ብቻቸውን ከመሥራታቸው በፊት ሊኖራቸው የሚገባውን ልምድ የሚወስን መመሪያ ለማውጣት ተገደደ።

መፍትሔው የመጣው ከመሣሪያ አልነበረም። በ1995 ስቲቨን ስትራስበርግና ባልደረቦቹ አንድ ደንብ አቀረቡ። ሐኪሙ ከመቍረጡ በፊት ሦስት ነገር ማየት አለበት፤ በካሎ ማዕዘን ያለው ስብና ጅማት ተጠርጎ መጥራቱን፣ የከረጢቷ የታችኛው ክፍል ከጉበት መላቀቁን፣ ወደ ከረጢቷ የሚገቡትም ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸውን። እነዚህን ሦስቱን ያላየ አይቍረጥ። ደንቡ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትን ግን ይጠይቃል።

5. ቢጫው ብግነት

እንግዲህ ይህ ደንብ ከሚፈተንበት ስፍራ ደርሰናል። በ1970 ሁለት አሜሪካውያን የሕዋስ ሐኪሞች፣ ክሪስተንሰንና ኢሻክ፣ ዕጢ እየመሰሉ የሚያታልሉ የሐሞት ከረጢት ለውጦችን ሲዘረዝሩ ይህን ዐይነት ብግነት መዘገቡ። በ1976 ደግሞ ማኮይና ባልደረቦቹ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጡት። ዛንቶስ በግሪክኛ ቢጫ ማለት ነው፤ ስሙም ከከረጢቷ ግድግዳ ውስጥ ከሚታዩት ቢጫ እብጠቶች የተወሰደ ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ጠጠር መውጫውን በዘጋ ጊዜ በከረጢቷ ውስጥ ግፊት ይበዛል። ውስጠኛው ሽፋን ይቈስላል፤ በግድግዳው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጎድጓዶችም ይፈነዳሉ። ሐሞት ወደ ግድግዳው ሥጋ ይሰርጋል። ሰውነትም ይህን እንግዳ ነገር ለማጽዳት ነጭ ሕዋሳትን ይልካል። ሕዋሳቱ የሐሞቱን ስብ ይውጣሉ፤ ከጥጋባቸውም ብዛት አረፋ የሞላባቸው ይመስላሉ። በዙሪያቸው ጠባሳ ይበቅላል፤ ግድግዳው ይወፍራል፤ በመጨረሻም ከረጢቷ ከጉበት፣ ከደንዳኔና ከትንሹ አንጀት ጋር ትጣበቃለች። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ የወራትና የዓመታት ሥራ ነው።

በሽታው በሁሉም አገር እኩል አይገኝም። ከሚወጡት ሐሞት ከረጢቶች መካከል በአሜሪካ ከመቶ አንድ የማይሞላ ሲሆን፣ ከሰሜን ህንድ የወጡ ጥናቶች ግን ከመቶ ወደ ዘጠኝና ዐሥር የሚጠጋ ቍጥር ይሰጣሉ። ጠጠር በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይ አብሮ ይገኛል።

አደጋው ሁለት ፊት አለው። የመጀመሪያው ነቀርሳ፣ ማለት ካንሰር መምሰሉ ነው። በአልትራሳውንድም ሆነ በሲቲ ስካን የወፈረ ግድግዳና ወደ ጎረቤት የተስፋፋ እብጠት ይታያል። በጥንቃቄ የሚመለከት ሐኪም በግድግዳው ውስጥ ያሉትን ጠቈር ያሉ ነጥቦችና ያልተቋረጠውን የውስጥ ሽፋን መስመር አይቶ ሊለይ ይሞክራል፤ ነገር ግን ምልክቱ ሁልጊዜ አይታመንም። ነቀርሳ ነው ብሎ የፈረደ የጉበትን ክፍልና አንጀትን ሳያስፈልግ ይቈርጣል። ተራ ብግነት ነው ብሎ የፈረደ ደግሞ፣ ነቀርሳ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ ከረጢቷን በመነጽር ሲጎትት ቀድዶ በሽታውን በሆድ ውስጥና በቀዳዳዎቹ ላይ ይዘራዋል። ይባስ ብሎ ሁለቱ በአንዲት ከረጢት ውስጥ አብረው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው አደጋ የካሎ ማዕዘን ነው። ጠባሳው ስፍራውን እንደ ሲሚንቶ ስለሚያደርቀው፣ የስትራስበርግ ሦስቱ ምልክቶች ሊታዩ አይችሉም። መነጽሩ ብሩህ ነው፤ የሚታይ ነገር ግን የለም። በዚህም ምክንያት በቀዳዳ የተጀመረው ሥራ ወደ ክፍት ቀዶ ጥገና የሚለወጥበት ጊዜ በዚህ በሽታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ነው።

የተማረ ሐኪም በዚህ ጊዜ ጥቂት መንገዶች አሉት። ሆዱን መክፈት አንዱ ነው። ሁለተኛው ከረጢቷን በከፊል ማውጣት ነው፤ ማለት ከረጢቷን ከፍቶ ጠጠሩን ካወጣ በኋላ ከጉበት ጋር የተጣበቀውን ጀርባዋንና አደገኛውን አንገቷን መተው። ሦስተኛው፣ ነቀርሳ በተጠረጠረ ጊዜ ቍራጭ ሥጋ ወዲያው አቀዝቅዞ በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ነው። አራተኛው ቆም ብሎ ከእርሱ የበለጠ ልምድ ያለውን መጥራት ነው። ከእነዚህ አንዱም የሽንፈት ምልክት አይደለም።

6. አቃቂ ቃሊቲ

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቀዶ ጥገና በሰፊው የታየው ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቍስለኞችን ለማከም በመጡ ጊዜ ነው። ከዚያም ሥራ ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ቆመ። ከመቅደላ በልጅነቱ ወደ ህንድ ተወስዶ ሕክምናን የተማረው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለአገሩ ሰው የመጀመሪያው ምሳሌ ሆነ። በኋላ ዘመን በኤዲንብራ ቀዶ ጥገናን የተማሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የሕክምና ፋኩልቲው በ1964 በተመሠረተበት ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በፋኩልቲው መቆም ቀዶ ሐኪም በአገር ውስጥ የሚሠለጥንበት መንገድ ተጠረገ። በመነጽር የሚደረገውም ቀዶ ጥገና በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ገብቷል።

አቃቂ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በአቃቂ በኩል አልፏል። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኀይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። በ1935 ጦርነቱ በተቃረበ ጊዜ የኢትዮጵያ ድምፅ ወደ ውጭ ዓለም የተሰማው ከአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ነው። ከህንድ ባለ ሀብቶች ጋር የቆመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ከየአገሩ ሠራተኛ ሰብስቧል። ባጭሩ አቃቂ ቃሊቲ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ አዲስ መሣሪያ ቀድሞ የሚደርስበት፣ ጉልበቱን የሚሸጥ ሰውም በብዛት የሚኖርበት ስፍራ ነው።

በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ኦሎምፒክ በአምስት ሺህና በዐሥር ሺህ ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። በአንድ ኦሎምፒክ ሁለቱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በቻይና መንግሥት ርዳታ በአቃቂ ቃሊቲ የተሠራውም ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ተብሎ ተሰየመ። ቻይና ወደ አፍሪካ የሐኪሞች ቡድን መላክ የጀመረችው በ1963 ከአልጀሪያ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የሔናን ክፍለ ሀገር ሐኪሞች መምጣት የጀመሩት በ1974 ነው። በየጊዜው የሚለዋወጠው ይኸው ቡድን በጥሩነሽ ቤጂንግ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሲሠራ፣ ካስተዋወቃቸው ሥራዎች አንዱ በመነጽር የሚደረግ ቀዶ ጥገና ነው።

ይህ መንገድ ለአቃቂ ሰው ያለውን ጥቅም ማቃለል አይገባም። ሆዱ የተከፈተ ሕመምተኛ ወደ ከባድ ሥራ ለመመለስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋል፤ በቀዳዳ የታከመው ግን ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ቤቱ ይገባል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥም ወደ ሥራው ይመለሳል። በቀን ሒሳብ ለሚከፈለው የቀን ሠራተኛ፣ ወይም በጉልት ገበያ ለምትውል እናት፣ የአንድ ወር ልዩነት የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ነው። ስለዚህ በቀዳዳ የሚደረገው ቀዶ ጥገና የሀብታም ቅንጦት ነው የሚለውን አስተያየት አንቀበለውም። ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ድኻውን ነው።

ነገር ግን ያው ድኻ ሰው ነው ሕመሙን ጨጓራ ብሎ ብዙ ዓመት ተሸክሞ የሚመጣው። የፋብሪካ ፈረቃ ትቶ ለምርመራ መሰለፍ የቀን ደመወዝ ያስቀራል። ቁርጠቱ ሲነሣ ይተኛል፤ ሲተወው ይነሣል። በመጨረሻ በቀዶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ፣ ከረጢቱ ለስላሳ ከረጢት አይደለችም፤ ጠባሳ የወረሳት ድንጋይ ናት። እንግዲህ በቀዳዳ መታከም ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰውና በቀዳዳ ለማከም ይበልጥ አስቸጋሪ የሆነው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው።

7. ሁለት አስተያየቶችና የእኛ ፍርድ

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወገን ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ወገን እንዲህ ይላል፤ መሣሪያው ከውጭ የመጣ፣ ጋዙና መብራቱ ሊቋረጥ የሚችል፣ መለዋወጫውም ሩቅ ስለሆነ፣ ከከተማ ዳርቻ ያለ ሆስፒታል በቀድሞው በክፍቱ መንገድ ቢጸና ይሻላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ዓለም የደረሰበት መድረስ ግዴታችን ነው፤ በቀዳዳ ጀምሮ በቀዳዳ መጨረስ የጥበብ መለኪያ ነው ይላል።

ሁለቱም ታሪኩን በግማሹ ያነበቡ ይመስለናል። የመጀመሪያው ወገን ሙሄን ያልተቀበሉትን የ1986 ሰዎች ይመስላል። ጥንቃቄያቸው ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ስም በሩን ዘጉ፤ ጥበቡም ያለ እነርሱ ሄደ። ሁለተኛው ወገን በጥቂት ቀን ሥልጠና ወደ ሥራ የገቡትን የ1990 ሰዎች ይመስላል። ምኞታቸው መልካም ነበር፤ ዕዳውን ግን ሕመምተኞች ከፈሉት።

በእኛ አስተያየት የታሪኩ ትምህርት በሦስት ነገር ይጠቃለላል።

አንደኛ፣ የክፍቱ ቀዶ ጥገና ጥበብ ከመነጽሩ ጋር አብሮ መማር አለበት። በአውሮፓና በአሜሪካ መነጽሩ ሲመጣ ሐኪሞቹ ሁሉ በክፍቱ መንገድ ያደጉ ስለነበሩ፣ በተቸገሩ ጊዜ የሚመለሱበት አገር ነበራቸው። ከእንግዲህ የሚሠለጥነው ወጣት ሐኪም ግን መነጽሩን ብቻ እያየ ሊያድግ ይችላል። ቢጫው ብግነት በገጠመው ቀን መመለሻውን ካላወቀ፣ ወደፊት መሄድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወደፊት ያለው ደግሞ ዋናው የሐሞት ቧንቧ ነው።

ሁለተኛ፣ የወጣች ሐሞት ከረጢት ሁሉ በሕዋስ ሐኪም መመርመር አለባት። ይህን በሽታ ለማወቅ የመጨረሻው ፍርድ የማይክሮስኮፕ ነው፤ ዐይን ያየውን ነቀርሳ ብግነት መሆኑን፣ ዐይን ያየውንም ብግነት ነቀርሳ መሆኑን የሚለየው እርሱ ነው። መነጽር በርዳታ ሊመጣ ይችላል፤ የሕዋስ ምርመራ ግን በየቀኑ የሚሠራ ሰው፣ ኬሚካልና መዝገብ ይፈልጋል። በሚመረቅበት ቀን ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ስለዚህም በቀላሉ ይረሳል። እንደ ህንድ ብዙ ያለበት አገር መሆናችንን ወይም እንደ አሜሪካ ጥቂት ያለበት መሆናችንን የሚነግረን ግን ይህ መዝገብ ነው።

ሦስተኛ፣ እንግዳው ሐኪም በአገሩ ቋንቋ የሚያውቀውን ነገር እዚህ ላለው ባልደረባው ትቶ እንዲሄድ ሥራው መደራጀት አለበት። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሲመለሱ ሆስፒታል ቀረ፤ የሚሠሩበትን ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገር ውስጥ በፋኩልቲ ደረጃ ለማሠልጠን ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ያ ዘመን መደገም የለበትም። የአንድ ቡድን ስኬት የሚለካው በቆየበት ጊዜ ባደረጋቸው ቀዶ ጥገናዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከሄደ በኋላ በሚደረጉት ነው።

ላንገንቡክ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት በሬሳ ላይ ብዙ ደክሟል። ስትራስበርግም ያስተማረው ካላየህ አትቍረጥ ብሎ ነው። በቋንቋችን ሐሞት ማለት ድፍረት ከሆነ፣ በቀዶ ሐኪም ዘንድ የሐሞት መለኪያው በቀዳዳ የጀመሩትን በቀዳዳ መጨረስ አይደለም። ባልደረቦች እያዩ፣ ሰዓቱም እየሄደ፣ መነጽሩን አውጥቶ ሆዱን እንከፍታለን ለማለት መቻል ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ጠረጴዛ ላይ የተኛው የፋብሪካ ሠራተኛ ከሐኪሙ የሚጠብቀው ትንሽ ጠባሳ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ወር ቆሞ ወደ ፈረቃው መመለስን ነው። ጠባሳው ትንሽ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ትልቅ ሆኖ በሕይወት ቢመለስ ግን ቅር የሚለው አይመስለንም።